የደብረ ብርሃን ብርድ የት ገባ?

በኢንተርኔት መወያያ መድረካችን ላይ ይህን ጥያቄ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ጣጣውም የመጣው በእኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር ላይ እናቴን ልጠይቅ ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። ልጆች ሆነን ማታ ማታ የምንለብሰው የመንዝ ባና ነበር፤ ያ ከበግ ጠጉር የሚሠራው፣ ወፍራሙ፣ አንገት የሚኮሰኩሰው። ባናው ላይ ጋቢ፣ ጋቢው ላይ የአባቴ ካፖርት። እንዲያም ሆኖ እግራችን ሳይሞቅ ይነጋ ነበር። አሁን ባናው ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እናቴ በአንድ ብርድ ልብስ ነው የምታድረው። ብርዱ ጥሎን ሄደ አለችኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ ይህንኑ ጻፍኩና ሁለት ነገር ጠየቅሁ። ደጋው በእርግጥ ሞቋል ወይስ እኛ ነን ብርድ የረሳነው? ሞቆ ከሆነስ በስንት? ከሥሩ አንድ ቁጥር አስቀመጥኩ። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 ድረስ በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል፤ በየአሥር ዓመቱ 0.28 ያህል መሆኑ ነው። ያገኘሁት የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ካስጠናቸው የአገሮች የአየር ንብረት መግለጫዎች ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ብዬ መጻፍ ረሳሁ። ይቺ መርሳት በኋላ ዋጋ አስከፈለችኝ።

43 መልስ መጣ። አንዳንዱ ወርቅ ነው፣ አንዳንዱ ስድብ ነው፣ ጥቂቱ ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ በራሴ አፍ ልተርክላችሁ።

1ኛው ሰው ሰላምታውን አስረዝሞ፣ እናቴን መርቆ ነው የጀመረው። በሐሳቤ ይስማማል። ጉለሌ ነው ያደገው። ድሮ ጥቅምት ሲገባ ጠዋት ጠዋት ከአፋቸው እንፋሎት እየወጣ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄዱት፤ አሁን ልጆቹ ሹራባቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ይወጣሉ። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለውንም አስታወሰን። 2ኛው ይህን ተቀብሎ፣ አጥንቱ የቀረው ብርዱ ስለቀረ ሳይሆን ሥጋ ስለተወደደ ነው አለ። ከዚያ እስከ 5ኛው ድረስ የተወራው ስለ ሉካንዳ ቤት ነው። ይለፈን።

መጀመሪያ ያረመችኝ 6ኛዋ ናት። የሕንፃ መሐንዲስ ነኝ ብላለች። በጨዋ አነጋገር፣ ግን ሳትምር። የእናቴ ብርድ ልብስ ቴርሞሜትር አይደለም ነው የምትለው። ያደግንበት ቤት ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ እንደነበር፣ መስኮቱም በእንጨት መዝጊያ ብቻ እንደሚዘጋ ገመተች። ቆርቆሮ ማታ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ከውጪው አየር ይብስ ይቀዘቅዛል። ኮርኒስ ሲገባለትና መስኮቱ መስታወት ሲሆን ግን የውጪው ብርድ እንዳለ ሆኖ ቤቱ ይሞቃል። ስለዚህ ብርዱ ሳይሆን ቤቱ ነው የተለወጠው ብላ ደመደመች። ተናደድኩ። ግን ምን ልበል? ለእናቴ ቤት ኮርኒስ ያስገባሁት እኔው ነኝ፣ በ2003 ዓ.ም.።

7ኛው ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአይሱዙ የሚመላለስ ሾፌር ነው። 20 ዓመት ሆኖታል። ጽሑፉ አንድም አራት ነጥብ የለውም፤ ግን እንዴት ደስ ይላል። ሸዋ ሮቢት በካናቴራ፣ ደብረ ሲና ሹራብ፣ ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ካፖርት ይደርብ ነበር። ከቆላ ተነስቶ ደጋ የሚገባው በአንድ ረጅም ዳገት ነው። አሁን ካፖርቱን ከመቀመጫው ኋላ ካነሳው ስንት ጊዜ ሆነው። ጉሙ ግን እንዳለ ነው፣ አንዳንድ ቀን የፊት መብራቱም አያሳየው። 6ኛዋ ተመልሳ መጥታ ምናልባት የመኪናው ማሞቂያ ተሠርቶ እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም አይሱዙው ከተገዛ ጀምሮ ማሞቂያ የሚባል ሠርቶለት እንደማያውቅ፣ ከፈለገች መጥታ እንድትቀመጥበት ነገራት። ይህ 8ኛና 9ኛው መሆኑ ነው።

10ኛው ላይ የቀን መቁጠሪያው ጉድ ፈነዳ። አንድ ሰው የተወለደው በ1960 ዓ.ም. ነው። ቁጥሬን አይቶ ቆጠራው ከእሱ ልደት ዓመት ይጀምራል ብሎ አሰበ። በሕይወቱ ያየውን ብርድ ሁሉ እየቆጠረ፣ በ1977ቱ ድርቅ እንዲህ ነበር፣ በ1983 እንዲህ ሆነ እያለ፣ በመጨረሻ ቁጥሩ ውሸት ነው ብሎ ፈረደ። 11ኛው ቀለል አድርጎ አረመው። እኔ የጻፍኩት በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ከ1952 እስከ 1998 ገደማ ይሆናል። ሰውየው ይቅርታ አልጠየቀም፤ ጥፋተኛው ለጣፊው ነው አለ። እውነቱን ነው። አስተካከልኩት።

12ኛው ላይ ጋሼ ገቡ።

ስማቸውን አልነገሩንም፣ ሁሉም ጋሼ ነው ያላቸው። ጡረታ የወጡ የሚቲዎሮሎጂ ታዛቢ ናቸው፤ ደጋ ላይ ባሉ ጣቢያዎች ነው ያገለገሉት። መጀመሪያ ዕቃውን አሳዩን። በእግሩ የቆመ ነጭ የእንጨት ሳጥን ነው። ግድግዳው ነፋስ እንዲያልፍበት ተሸንሽኗል፣ ፀሐይ ግን አያስገባም። ውስጡ ሁለት ቴርሞሜትር ተጋድሟል። አንዱ ሜርኩሪ ነው፣ የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት ይይዛል። ሌላው አልኮል ነው፣ የሌሊቱን ዝቅተኛ ይይዛል። አልኮሉ ውስጥ አንዲት ቀጭን መርፌ አለች። ብርዱ ሲጠና አልኮሉ ወደ ኋላ ሲሰበሰብ ይዟት ይወርዳል። ሲሞቅ ግን አልኮሉ ብቻውን ይመለሳል፣ እሷ እዚያው ትቀራለች። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ታዛቢው መጥቶ መርፌዋ የቆመችበትን ያነባል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳይነቃ ብርዱ የት ድረስ እንደወረደ ያውቃል ማለት ነው። ማታ 12 ሰዓት ደግሞ ከፍተኛውን ያነባል። ዝናብ ቢሆን፣ በዓል ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን።

ይህን ሁሉ ያወሩት ለአንድ ነገር ነው። በሥራ ዘመናቸው የቀኑ ከፍተኛ ንባብ ከፍ ዝቅ እያለ እንደነገሩ ኖሯል። ያቺ መርፌ ግን ዓመት በዓመት ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ስትሸሽ ታዝበዋል። ስለዚህ ቀኑ ሞቀ ወይ ብለን መጨቃጨቃችን ቦታውን መሳት ነው አሉ። የደጋው ሙቀት የገባው በሌሊት ነው።

14ኛው ይህን በቁጥር ደገፈው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 ለአየር ንብረት ለውጥ መላመጃ ባወጣው ሰነድ ላይ የአገሪቱ ዝቅተኛ ሙቀት በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ገደማ እየጨመረ እንደመጣ ተጽፏል። እኔ ከጠቀስኩት አማካይ ይበልጣል። ያው እኔ የጠቀስኩት ጥናት ራሱ ከ1960 እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.፣ አሁን አልረሳም) ሞቃት የሚባሉ ቀኖች በዓመት በ73 ሲጨምሩ ሞቃት የሚባሉ ሌሊቶች በ137 እንደጨመሩ ይናገራል። ሞቃት ማለት እንደ ዳሎል የሚያቃጥል አይደለም፤ ለቦታውና ለወቅቱ ከተለመደው ከፍ ያለ ማለት ነው። ቁጥሩን ከራሴ ምንጭ ውስጥ ሌላ ሰው አውጥቶ ሲያሳየኝ ትንሽ አፈርኩ። እኔ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነበር ያነበብኩት።

ለምን ሌሊት? ጋሼ በ16ኛው መለሱ፣ እኔም እንደገባኝ እንዲህ ነው። ቀን ቀን ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ይናጣል፣ ሙቀቱ እስከ ላይ ድረስ ይበተናል። ሌሊት ግን ከመሬቱ ጋር የሚቀላቀለው አየር ስስ ሽፋን ነው። እንደ ትልቅ ጋንና እንደ ትንሽ ጀበና ነው። በአንድ ዓይነት እሳት ጀበናው ቶሎ ይፈላል። ሙቀቱን ወደ ሰማይ እንዳይወጣ የሚይዘው ጋዝ ሲበዛ ለውጡ ቶሎ የሚታየው በሌሊቱ ስስ አየር ላይ ነው። ላዩ ላይ የደመናና የእርጥበት ነገር ይጨመራል።

እዚህ ድረስ ጨዋታው ጥሩ ነበር። 17ኛው አበላሸው። ወጣት ይመስላል። ጋሼን አንተ እያለ፣ ሳጥንህ ከተማ መሃል ስለቆመች ነው ሙቀት ያነበብከው ዓይነት ነገር ጻፈ። ስድቡን እዚህ አልደግመውም። አራት ሰው ተረባረበበት፤ ታላቅህን አክብር፣ አባትህ ይሆናሉ፣ ወዘተ። ልጁም እውነት ዕድሜ አይጠይቅም ብሎ ጭራሽ ጠነከረ።

ጋሼ ግን አልተቆጡም። ጥያቄው ትክክል ነው አሉ (21ኛው ነው)። ሥራ ሲጀምሩ ሳጥኑ የቆመው ሜዳ ላይ ነበር፤ ጡረታ ሲወጡ ዙሪያውን ቤት፣ አስፋልትና ቆርቆሮ ነበር። አስፋልትና ሲሚንቶ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ይተፉታል፤ ያም መርፌዋን ከፍ ያደርጋታል። በዚያ ላይ ቦታ የቀየሩ ጣቢያዎች አሉ፣ በጦርነት ዘመን ለዓመታት የተቋረጡ አሉ። ስለዚህ አንድን ጣቢያ ብቻ ይዞ መማል አይገባም። የከተማውን ከገጠሩ፣ የገጠሩን ከጎረቤቱ እያስተያዩ ነው የሚጣራው። 22ኛው በዚህ ላይ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ዶክተር ቱፋ ድንቁ ከብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ (ያኔ ስሙ ይህ ነበር) ጋር የሠሩትን ጠቀሰ። የጣቢያ ንባብን ከሳተላይት መረጃ ጋር አዋህደው ጣቢያ የሌለበትን ተራራና ሸለቆ ጭምር የሚሸፍን መረጃ አዘጋጅተዋል። የተቋረጠው ክር የሚቀጠለው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ከተማ የሌለበት ቦታም ሙቀቱ መውጣቱ ይታያል፤ ከተማው ላዩ ላይ ይጨምርበታል እንጂ ከባዶ አይፈጥረውም። ልጁ መልስ አልሰጠም። ግን ጋሼ በመጨረሻ የጻፉትን ወድዶታል፤ ምልክቱን አይቻለሁ።

23ኛዋ ሌላ በር ከፈተች። ቤተሰቦቿ ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ባሶና ወራና ያርሳሉ። ሞቀ ካላችሁ አምና ባቄላችንን የመታው ውርጭ ከየት መጣ ነው ጥያቄዋ። ቁጣ አለበት፣ ደግሞም ይገባታል። አንድ ሌሊት ነው የፈጀው። ጠዋት ሲያዩት ማሳው በፈላ ውኃ የተነከረ ይመስል ጠቁሮ ተኝቷል።

ለእኔ ከውይይቱ ሁሉ ምርጡ ቦታ ይህ ነው። ጋሼና ያቺ መሐንዲስ እየተቀባበሉ አስረዱ። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱ ቀጥ ሲል ነው። መሬቱ ሙቀቱን ሽቅብ ይለቃል፣ የሚመልስለት ደመና የለም። የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስና ጎድጓዳው ላይ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው ሜዳ ላይ ያለው ባቄላ ሲሞት ዳገቱ ላይ ያለው የሚተርፈው። ይህን ገበሬው ያውቀዋል፤ 23ኛዋም አባቷ ዝቅ ያለውን ማሳ ለገብስ እንጂ ለባቄላ እንደማይሰጡት ተናገረች። እና አማካዩ አንድ ዲግሪ ከፍ አለ ማለት እንዲህ ያለ ሌሊት ቀረ ማለት አይደለም። ቁጥሩ ያንሳል እንጂ ኅዳር ላይ አንድ ጥርት ያለ ሌሊት ካገኘ ውርጩ ሥራውን ይሠራል። እንዲያውም ሙቀቱን አምኖ ውርጭ የማይችል ዘር የዘራ ሰው ይብስ ይጎዳል። ሾፌሩ እዚህ ላይ ብቅ ብሎ በሆዱ ያለውን ተነፈሰ፤ እሱም ካፖርቱን አልጣለውም፣ ከኋላ ነው ያስቀመጠው።

ከዚያ መሐንዲሷ ወረቀትና እርሳስ ይዛ መጣች። ወደ ላይ 100 ሜትር በወጣህ ቁጥር ሙቀቱ 0.65 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 1.3 ዲግሪ ሞቀ ማለት አገሩ እንዳለ 200 ሜትር ቁልቁል ወረደ እንደማለት ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሙቀት ከለካናት 2,640 ላይ ተቀምጣለች። ቁጥሩ የአገር አማካይ ስለሆነ ለአንድ ከተማ ልክ አይሰፋም ብላ አስጠንቅቃለች፤ ያም ሆኖ ነገሩ ቁልጭ አለልኝ። ሾፌሩ ሳንነዳ ወደ ሸዋ ሮቢት ጉዞ ጀምረናል ማለት ነው ብሎ ሣቀ።

26ኛው በሙሉ ልቡ ካደ። የአየር ንብረት ሁልጊዜ ሲለወጥ የኖረ ነው፣ ባሌ ተራራ ላይ ግግር በረዶ ነበር፣ ማን መኪና ነድቶ ነው ያቀለጠው አለ። ሁሉም ነገር ፈረንጆች እንዳናድግ ያመጡት ነው በሚል አሳረገ። 27ኛው ስለ ባሌ ትክክል ነህ ብሎ ጀመረና ጠመዘዘው። በበረዶ ዘመን ባሌና አርሲ ተራሮች ላይ ግግር በረዶ ነበር፤ አሻራው ድንጋዩ ላይ አለ። ግን ያ የሆነው በሺዎች ዓመታት ውስጥ ነው። ይኸኛው በአንድ ሰው ዕድሜ፣ ባናው ሳያልቅ የሆነ ነው። ዓለም በሙሉም ሞቋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 ያለው አሥር ዓመት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ይበልጣል። 26ኛው መልሱን ሳያነብ ሄደ መሰለኝ።

28ኛው ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ነው። ዛፍ ስለምትቆርጡ ነው፣ ከሰል ስለምታከስሉ ነው ብሎ ተግሳጽ ቢጤ ጣለብን። እናንተ፣ እናንተ ይላል። ከሁሉ የከፋው ጠብ እዚህ ተነሳ። 29ኛዋ አንድ አሜሪካ የሚኖር ሰው በዓመት 14 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በድርሻው እንደሚለቅ፣ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል የሚመጣው የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ግን ሩብ ቶን እንደማይሞላ ጽፋ፣ የስንት ሲሊንደር መኪና እንደሚነዳ ጠየቀችው። ሰውየው ታክሲ ነድቶ ነው አገር ቤት ያለ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው። ያንንም ጻፈ። ያኔ ሁሉም ዝም አለ። እኔም ለሁለቱም አዘንኩ። ደን መመንጠር የአካባቢውን ጥላና እርጥበት ይቀንሳል፣ ውሸት አላለም። ግን አገር ሙሉ የሞቀበትን ምክንያት ከሰል አክሳይዋ ላይ መለጠፍ ልክ አይደለም። እሷ አንድ ጆንያ ነው የተሸከመችው።

31ኛዋ ነርስ ናት። ወባ ድሮ ወደማይታወቅበት ወይና ደጋ ከፍ እያለ ነው ትላለች፤ ታማሚው ቆላ ወርዶ እንደሆነ ሲጠየቅ ከቀበሌው ወጥቶ የማያውቅ ይሆናል። 32ኛው አዛውንት ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ቆጣ ብለው አረሟት። ወባ ደጋ መውጣቱ አዲስ አይደለም። በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ በፈረንጅ 1958፣ የተነሳው ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ነው ያጠቃው። 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፣ 150,000 ሞተ። ያኔ የአየር ንብረት ለውጥ ብሎ የሚያወራ ማን ነበር?

ነርሷ አልተሸነፈችም፣ አላኮረፈችም። በ34ኛው ጥሩ ነገር ይዛ ተመለሰች። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አለ፤ በቢሾፍቱ አካባቢ ከ1993 እስከ 2005 የተመዘገበውን ወባ ከየቀበሌው ከፍታ ጋር አስተያይቷል። ሞቅ ባለ ዓመት በሽታው ወደ ከፍታው ይወጣል፤ ቀዝቀዝ ባለ ዓመት ይወርዳል። ኮሎምቢያ ተራሮች ላይም (አገሩን ነው፣ ዩኒቨርሲቲውን አይደለም) ያው ሆኗል። እንግዲህ የ1951ዱ ዓይነት ወረርሽኝ በክፉ ዓመት ይመጣል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ግን የክፉው ዓመት ደጅ ዝቅ ይላል። አዛውንቱም ይህን እቀበላለሁ ብለው ጻፉ። በእኛ መድረክ ላይ ይህን ቃል ሳነብ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

35ኛው ስለ ቡና፣ 36ኛው ስለ ጨንቻ ፖም ነው። ባጭሩ ልበላቸው። ቡናው እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት መሠረት አሁን ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ሊከብደው ይችላል፤ ግን ሽቅብ የሚሄድበት ቦታ አለው። ፖሙ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፣ ለማበብ ብርድ ይፈልጋል። ብርዱን ካላገኘ እንቅልፉን ሳይጨርስ እንደተነሳ ሰው ይነጫነጫል፣ አበባው አንድ ላይ አይወጣም። አንዱ ብርድ ሲሸሽ ደስ ይለዋል፣ ሌላው ይቸገራል።

37ኛው ከእስራኤል ነው። ወላጆቹ ከስሜን ነው የመጡት። አያቱ ልጅ ሳሉ ተራራው ነጭ ሆኖ ሲነጋ እንዳዩ ይተርኩ ነበር። እውነት በረዶ ነው ወይስ ተረት ብሎ ጠየቀ። 38ኛው ሲመልስለት ደስ አለኝ። አዱሊስ ላይ በግሪክኛ የተቀረጸ፣ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻውን የተረከበት ጽሑፍ ነበር፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል መንገደኛ ገልብጦ አተረፈው። እዚያ ላይ ንጉሡ ወደ ስሜን ሲዘምት በረዶው ሰውን እስከ ጉልበት ይውጥ እንደነበር ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ ውይይቱ ወደ ቃላት ሄደ። በረዶ የሚባለው ከሰማይ የሚወርደው ጠጠሩ ነው ወይስ እንደ ባዘቶ የሚከመረው? አንዱ መዝሙር 50 ላይ ከበረዶ ይልቅ ነጭ መሆን እንዳለ አስታወሰ። ሌላው አመዳይ የሚለውን ቃል አነሳ። ቁር፣ ውርጭ፣ አመዳይ፣ ቆፈን፤ ለብርድ ስንት ቃል አለን መሰላችሁ። ልጆቼ ከእነዚህ የሚያውቁት አንዱን ነው።

40ኛውን አወያዩ አጠፋው፣ ፖለቲካ ነበር።

41ኛዋ ሁላችንንም ወደ ተራራው መለሰችን። መንዝ ጓሳን ታውቀዋለች። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ጓሳ ሣሩ፣ ጅብራው፣ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው ያለበት። ቡናው 200 ሜትር ይውጣ እንበል፣ መሬት አለው። ገብሱም ይወጣል። ገበሬውም ከኋላው ይወጣል። ተራራ ግን ወደ ላይ በሄድክ ቁጥር ይጠብባል። ቀይ ቀበሮው ቀድሞም ጫፉ ላይ ነው ያለው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች 500 ያህል ቢሆኑ ነው፣ ሁሉም እዚህ አገር። ብርዱ ነበር አጥራቸው፤ ሰውም ከብትም እርሻም ከዚያ በላይ እንዳይወጣ የያዘው እሱ ነው። እኔ ጥያቄውን ስጽፍ የእናቴ እግር ስለመሞቁ ብቻ ነበር የማስበው። ብርድ አጥር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

42ኛው ሾፌሩ ነው። ቴርሞሜትር ገዝቷል። ዋሻው አፍ ላይ ሌሊት በደረሰ ቁጥር አንብቦ እዚሁ ሊለጥፍልን ነው። ጋሼ ከሞተሩ እንዲያርቀው፣ ጥላ ውስጥ እንዲይዘውና ሰዓቱን አብሮ እንዲጽፍ አዘዙት። መሐንዲሷም ይቅርታ ቢጤ ጣል አደረገች።

የመጨረሻው፣ 43ኛው፣ ስለ አየር ንብረት አንድም ቃል የለውም። ሰውየው የሚፈልገው ባናውን ነው። እንደዚያ ያለ ዕቃ አሁን አይገኝም፣ እናትዎ ካልለበሱት በደህና ዋጋ እገዛለሁ አለ። ደወልኩላት። ትንሽ ዝም ብላ አሰበችና፣ መጀመሪያ ኅዳር ይለፍ አለች።